ጥጃዋን ማን ባረካት?

ፈንጣጣ በእናቴ ቤት ስሙ አይጠራም ነበር። «እንግዳው» ነበር የሚሉት፤ እሱንም ሰምቶ እንዳይመጣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። ሸዋ፣ በተወለድኩበት መንደር፣ እንግዳው በደጃችን ሲያልፍ አንድ አዋቂ ተጠርተው መጡና፣ በሽታው ቀለል ብሎ ከወጣበት ልጅ ቁስል መግል በእሾህ ቀድተው የእኔንም የታላቅ ወንድሜንም የእጅ አንጓ ጫር ጫር አደረጉት። ያኔ የአገራችን ክትባት እሱ ነበር። የእኔ አበጠ፣ ፈረጠ፣ ጠገገ። ወንድሜ ግን ሙሉው በሽታ ወጣበትና ሞተ። እናቴ ከዚያ በኋላ እጄን በያዙ ቁጥር አውራ ጣታቸው ጠባሳው ላይ ያርፍ ነበር። ደግ እንደሠሩ ይሁን ክፉ አንድም ቀን አልነገሩኝም፤ እኔም አልጠየቅኋቸውም።

ይህን አስቀድሜ የምጽፈው፣ በኋላ ስለ ክትባት የተወራውን ስሰማ የፈራሁት ዝም ብሎ እንዳልነበር እንዲታወቅልኝ ነው።

ሐረር የገባነው አባቴ ከሠራዊቱ ጋር ወርደው እዚያው ሲቀሩ ነው። መጀመሪያ የተቀመጥነው ጀጎል ውስጥ፣ ከአንድ የአገሩ ነጋዴ ጋር ግድግዳ በምንጋራበት ግቢ ነበር። ነጋዴው እኩያዬ የሆነች ሴት ልጅ ነበረቻቸው። በጠባቡ መንገድ ላይ አብረን ስንሯሯጥ እኔ የእነሱን ቋንቋ ለቀምኩ፣ እሷም አማርኛውን ለቀመች። ቆሎውንም ትሪንጎውንም እንካፈል ነበር። ሥጋ ሲሆን ብቻ እሷ ወደ እናቷ፣ እኔ ወደ እናቴ እንሄዳለን። የክርስቲያን ቢላ የነካውን እነሱ አይቀምሱም፤ በእነሱ ቢላ የታረደውን እኛ አንቀምስም፤ ማን ባርኮ እንዳረደው ሳይታወቅ ሥጋ አይበላም። ይህን ማንም ተቀምጦ አላስተማረንም። እጅ እንደመታጠብ ያለ ነገር ነበር።

እኔ አግብቼ ከግንቡ ውጭ፣ ከሸዋ በር አለፍ ብሎ ወዳለው አዲሱ ሰፈር ወጣሁ። እሷ እዚያው ጀጎል ውስጥ ተዳረች። በስፌት እጇ የተመሰገነ ነበር፤ ሙሽራ ያለበት ቤት ሁሉ ለግድግዳው የሚሰቅለውን ከእሷ ዘንድ ያሠራ ነበር። ሁለት ልጆች ቀብራለች። የቀራት አንድ ወንድ ልጅ ነበር፤ ከእኔ ልጅ ጋር በአንድ ክረምት የተወለደ፣ ገና አፉን እየፈታ ያለ።

ባለቤቴ ነገረ ፈጅ ነበሩ። ኩታቸውን አደግድገው፣ ዘንጋቸውን መሬት ላይ ተክለው በችሎት ሲቆሙ፣ ክስም ጉዳይም የሌለው ሰው ሥራውን ትቶ ሊሰማቸው ይመጣ ነበር። ብዙ አይናገሩም። ይጠይቃሉ። ባላጋራቸው ጥያቄውን ሲመልስ እሳቸው ሌላ ይጠይቃሉ፤ በመጨረሻ ሰውዬው በገዛ ምላሱ ተጠልፎ ይወድቃል። አንድ ቀን እንዴት እንዲህ እንደሚረቱ ብጠይቃቸው ስቀው፣ «የሚናገር ሰው ምስክር ይጠራል፤ የሚጠይቅ ሰው ምስክር አያስፈልገውም» አሉኝ። ያኔ ኩራት ተሰማኝ።

ባቡሩ ድሬዳዋ ከገባ ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በሁዳዴ ጾም መግቢያ ላይ፣ እንግዳው ቆላው ውስጥ ታየ የሚል ወሬ ከሲራራ ነጋዴዎች ጋር መጣ። ብዙም ሳይቆይ አዋጅ ነጋሪው በገበያው መካከል ቆሞ፣ ልጅ ያለው ሁሉ ልጁን እንዲያስከትብ ለፈፈ። ከሸዋ በር ማዶ ባለች አንዲት የቆርቆሮ ቤት ውስጥ አንድ ፈረንጅ ሐኪም በገበያ ቀን በገበያ ቀን ይቀመጥ ጀመር። አብሮት ፈረንጆች ዘንድ ያደገ፣ ቋንቋቸውንም የተማረ የአገራችን ሰው ነበር፤ ሰውን የሚያነጋግረውም የሚከትበውም እሱ ነው። መድኃኒቱ በቀጫጭን ብልቃጥ ሆኖ በባቡር ይመጣል አሉ።

በመጀመሪያው ገበያ ብዙ ሰው ሄደ። እኔም ልሄድ ተሰናድቼ ልጄ ስታስነጥስ ቀረሁ። የዚያን ቀን አንዲት ሴት ከታቢውን፣ «ይሄ ውኃ የሚመስለው ከምን የተሠራ ነው?» ብላ ጠየቀችው። እሱም ሳይሸሽግ፣ «ከጥጃ የተወሰደ ነው» አላት። በዚህ መልስ ውስጥ ክፋት አልነበረም። ሴትየዋም ልጇን አስከትባ ሄደች።

በሳምንቱ ከጎረቤታችን አንድ ሽማግሌ በእርጅና ሞቱ። በሠልስታቸው ወንዶቹ ዳሱ ውስጥ ተቀምጠዋል፤ እኛ ሴቶቹ ከመጋረጃው ወዲህ ሆነን ንፍሮ እናቀርባለን። ከወንዶቹ አንዱ ወደ ባለቤቴ ዞሮ፣ «እርስዎ የሕግ ሰው ነዎት፤ ስለዚህ ክትባት ስለሚሉት ነገር ምን ይላሉ?» አላቸው።

ባለቤቴ ዋንጫቸውን አስቀመጡ። የድምፃቸውን መለወጥ ስሰማ፣ በችሎት ሊነሱ ሲሉ የሚያደርጉትን እያደረጉ መሆኑን በመጋረጃው በኩል ሳላያቸው አወቅሁ።

«እኔ ሐኪም አይደለሁም» አሉ። «መድኃኒት አላውቅም። አንዲት ነገር ብቻ ልጠይቅ።» ዘንጋቸው መሬቱን ሲነካ ሰማሁ። «ጥጃዋን ማን ባረካት?»

ከዳሱ ሳቅ ተነሣ። ለቅሶ ቤት መሆኑን ረስተው የሳቁ ነበሩ። አንድ ቄስ ሳቃቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ሸፍነው፣ «ውነትም ማን ባረካት!» ሲሉ ሰማሁ። ባለቤቴም የሰውን ልብ እንደያዙ ሲያውቁ ቀጠሉ። «በጾም ወራት ከእንስሳ የወጣ ነገር በልጅ ደም ውስጥ ቢገባ፣ ንስሐው የልጁ ነው? የአባቱ? ወይስ የፈረንጁ?» ሰው ሁሉ እየደጋገመ ወደ ጎኑ ላለው ያቀብለው ጀመር። ከመጋረጃው ወዲህ ካሉት ሴቶች አንዷ ክንዴን ነካ አድርጋ፣ «ታድለሽ፣ ምን ዓይነት አንደበት ነው!» አለችኝ።

ቤት ስንገባ፣ «ታዲያ ልጃችንን አናስከትባትም ማለትዎ ነው?» አልኳቸው።

«እኔ አታስከትቡ አላልኩም» አሉ ጫማቸውን እያወለቁ። «ጠየቅሁ እንጂ።»

ከጥቂት ቀናት በኋላ ለሠርግ ያዘዝኩትን ስፌት ላይ ብዬ ጀጎል ወደ ወዳጄ ቤት ሄድኩ። እግሯን ዘርግታ በወስፌ እየሰፋች፣ ልጇ ቀለም የገባውን ስንደዶ እየበታተነባት ነበር። ሰላምታችን ሳያልቅ ወስፌዋን አስቀመጠች።

«ሰምተሻል?» አለችኝ። «የዚያን የክትባቱን ጥጃ ነስራኒ ነው ያረዳት አሉ። ቢስሚላህ አልተባለባትም። ሐራም ነው። አንድ የሶፊ መንደር ሰው ሲያርዷት በዓይኑ አይቷል።»

በእኛ ሰፈር እኮ በዚያው ሳምንት ያንኑ ጥጃ ያረዳት እስላም ነው መባል ተጀምሮ ነበር፤ አንድ የድሬዳዋ ሰው በዓይኑ አይቷል ተብሎ። ባለቤቴ በሠልስቱ ዳስ ውስጥ የጣሏት ጥያቄ በሸዋ በር ገብታ፣ ቋንቋ ለውጣ፣ እምነት ለውጣ፣ ምስክር አግኝታ ተቀምጣለች። ጥጃዋም በሁለት ቢላ ሁለት ጊዜ ታርዳለች።

«ማን ነገረሽ?» አልኳት።

«ሰው ሁሉ ይለዋል፤ ወላሂ። እኔ ግን…» ልጇን ወደ ጉያዋ ሳበችው። «እኔ ግን ሁለቱን ስቀብር በዓይኔ አይቻለሁ። በሽታውንም አውቀዋለሁ። የቱን እንደምፈራ አላውቅም እህቴ።»

እኔም የቱን እንደምፈራ አላውቅም ነበር። ስመለስ ይህን ሁሉ ለባለቤቴ ነገርኳቸው፤ ቃሉ የእሳቸው መሆኑን፣ ጀጎል ገብቶ ምን እንደሆነ፣ ምስክሩን ሳይቀር። ይስቃሉ ወይም ይደነግጣሉ ብዬ ጠብቄ ነበር። እሳቸው ግን ፊታቸው እየከበደ ሄደ።

«እነሱም ይህንኑ ደርሰውበታል?»

«አልደረሱበትም፤ ከእርስዎ ነው የሰሙት!»

«እኔ ለጀጎል ሰው ምን ነገርኩ? አንድ ቃል አልነገርኩም። ሁለት የማይተዋወቁ ምስክሮች አንድ ነገር ከመሰከሩ ዳኛ ይቀበላል።» ዘንጋቸውን አንሥተው ወጡ።

ከዚያን ዕለት ጀምሮ ባለቤቴን ፈራኋቸው። ይመቱኛል ብዬ አይደለም፤ እጃቸውን አንሥተውብኝ አያውቁም። የገዛ ድምፃቸውን ከሩቅ ሰምተው የሌላ ሰው መስሏቸው ሲያምኑት ስላየሁ ነው።

ማመን የምችለው ነገር ፈልጌ ከታቢው ዘንድ ሄድኩ። ገበያ ስላልነበር ብቻውን ዕቃ ያጥብ ነበር። ጠየቅሁት።

«ጥጃዋ አልታረደችም እኮ» አለኝ፤ የደከመው ይመስል ነበር። «ቆዳዋ ይጫርና ከቁስሏ ይወሰዳል። እሷ ድና ሣር ትግጣለች። ማን እንዳረዳት ስንት ሰው ጠየቀኝ፤ አልታረደችም ስላቸው ማንም አይሰማም።»

«እኛ በልጅነታችን ከሰው ቁስል ተከትበን ወንድሜን ገድሎታል» አልኩት።

እጄን ተቀብሎ ጠባሳውን አየው። «ያ ራሱ በሽታው ነው። ይኼ የላም ነው፤ ዘመዱ ነው እንጂ እሱ አይደለም። ክንዷ ያብጣል፣ ሊተኩሳት ይችላል። ከዚያ ያልፋል።»

ደስ ብሎኝ ወጣሁ። ምንጭ ዳር የሚቀዱትን ሴቶች ሳገኝ፣ ጥጃዋ እንዳልታረደች ነገርኳቸው። ነገሩ በዚህ የሚያልቅ መስሎኝ ነበር። አንዷ እንስራዋን አውርዳ አፏን ያዘች።

«ካልታረደችማ የባሰ ነው! ነፍሷ ሳትወጣ ከእንስሳ የተወሰደ ነገር ጥንብ አይደለም እንዴ?»

ሌሎቹም፣ «ውነቷን ነው፣ ጥንብ ነው» አሉ። ማታ ሳይደርስ ይህም ሰፈሩን አዳረሰ። መልስ ይዤ ሄጄ ሌላ ክስ ይዤ ተመለስኩ። ከዚያ በኋላ አፌን ዘጋሁ።

እንግዳው ወደ ላይ ይወጣ ጀመር። መጀመሪያ አንድ የአጋሰስ ነጂ፣ ከዚያ ከሰል ይዛ የምትመጣ ሴት። ከእኛ በታች ባለው መንደር አንድ ቤት በሩ ላይ የእሾህ ቅርንጫፍ ተጋደመበት። በዚያ በኩል የሚያልፍ ሰው ጠፋ፤ ምግብ እንኳ በረጅም እንጨት ጫፍ ነበር የሚያቀብሏቸው። የልጄን ግንባር ስዳብስ እውል ነበር። ሳትተኩስም እየመሰለኝ፣ ሸሚዟን ገልጬ ቆዳዋን በብርሃን እያየሁ። የቁንጫ ንክሻ ባየሁ ቁጥር በምራቄ አሽቼ አየው ነበር።

ባለቤቴ ለአንድ የመሬት ክርክር ከከተማ ወጥተው ነበር። ወዳጄ ዘንድ ሄጄ፣ «ነገ ገበያ ነው፤ አብረን እንሂድ» አልኳት። ስንደዶዋን ሰብስባ ወስፌዋን ሰካችና፣ «ኢንሻአላህ» አለች።

በማግስቱ ሸዋ በር ላይ ተገናኘን። ልጆቻችንን አዝለን ነበር። እሷ ልጇን ፊቱ እስኪጠፋ ድረስ በሻሿ ሸፍናዋለች። የቆርቆሮዋ ቤት ዘንድ ስንደርስ በሩ ላይ ብዙ ሰው ቆሟል፤ የሚያስከትብ ግን ጥቂት ነው። አንዲት ክርስቲያን ሴት፣ «ርኩስ ነው! ልጆቻችሁን አታርክሱ!» እያለች ትጮኻለች። አጠገቧ የጀጎል ሰው የሆነ ሽማግሌ፣ «ሐራም ነው!» ይላል። በአንድ ማዕድ ተቀምጠው የማያውቁ ሰዎች ትከሻ ለትከሻ ቆመው በሩን ይጠብቁ ነበር። ሁለታችንን አብረን ሲያዩን አንዱ፣ «እነሆ! በአንድ ብረት ሁለቱን ሊቀላቅሏቸው ነው!» ብሎ ጮኸ። ጠጠር ይሁን ጓል ያላየሁት ነገር ከቆርቆሮው ጋር ተጋጭቶ ጮኸ። የወዳጄ ልጅ ደንግጦ አለቀሰ።

ክንዴን ይዛ አቆመችኝ። ፊቷ አመድ መስሎ ነበር።

«አልችልም» አለችኝ በቋንቋቸው። «በሚመጣው ገበያ ሰው ሲቀንስ እመጣለሁ። የልጅሽን ክንድ ልየውና እመጣለሁ።»

«አብረን እንግባ፤ አንድ ጊዜ ነው» አልኳት። እሷ ግን ዞራ በፍጥነት ሄደች። ከኋላዋ የሻሿ ጫፍ ሲወዛወዝ አይቼ፣ እኔም ልከተላት አንድ እግሬን አንሥቼ ነበር። ከዚያ ሰው እየገፈተርኩ ገባሁ።

ከታቢው ክንዷን አጠበው። ከብልቃጡ ጠብታ አድርጎ በትንሽ ስለት ጫር ጫር አደረገው። ልጄ ከመደንገጧ በቀር ብዙም አላለቀሰችም። የማለቅሰው እኔ ነበርኩ። ጭረቱ ልክ ወንድሜ የተጫረውን ይመስል ነበር።

ከቀናት በኋላ ክንዷ ቀላ፣ ውኃ ቋጠረ፣ ብብቷ አበጠ። ከዚያ ትኩሳቱ መጣ። ከታቢው እንደሚመጣ ነግሮኛል፤ ቃሉን እየደጋገምኩ ለራሴ እነግረዋለሁ። ግን ዓይኗን ጨፍና ስታቃትት የማየው እሷን አልነበረም። ባለቤቴ ከመንገድ የገቡት በዚያው ቀን ነው። ክንዷን አዩ። አልጮኹም፤ አልተቆጡም። መደቡ ላይ ቁጭ ብለው ዘንጋቸውን ከእጃቸው ለቀቁት። ያን የመሰለ ሰው ዘንጉ ከእጁ ሲወድቅ ማየት ከቁጣው የከፋ ነበር።

ጎረቤቶች ልጠይቅ እያሉ መጡ። በር ላይ ቆመው ያዩዋትና ይወጣሉ። አንዷ ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ሳበች። ያን ጊዜ ባለቤቴ ተነሥተው በሩን ዘጉት።

«ማንም አይግባ፤ ለማንም አትንገሪ» አሉኝ። «ሟርተኛ አልፈልግም።»

በሩ እንደተዘጋ ሰነበተ። ትኩሳቱ ግን ከታቢው እንዳለው አለፈ። ቁስሉ ደረቀ፣ ቅርፊት ያዘ። አንድ ጠዋት ልጄ ቁጭ ብላ ዳቦ ስጡኝ አለች። ባለቤቴ ዳቦውን ራሳቸው ቆርሰው ሲያጎርሷት እጃቸው ውስጥ ተፈረፈረ።

በሩን በከፈትን ዕለት አንዲት የሩቅ ጎረቤት ጥቁር ለብሳ፣ ገና ከግቢው በር ስትገባ እየጮኸች መጣች። ልጄ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ትበላ ነበር። ሴትየዋ ድምፅዋን ውጣ ቆመች። አየቻት። ወደ እኔ ዞራ፣ «ይቺ ሌላዋ ናት?» አለችኝ።

«ሌላ ልጅ የለኝም» አልኳት።

አላመነችኝም። ከፊቷ ያስታውቅ ነበር። የነገረ ፈጁ ልጅ በክትባቱ ሞታለች፤ አባቷም ኀፍረቱን ሊሸሽግ በር ዘግቶ ቀብሯታል የሚለው ወሬ ከተማውን ከዞረ ሰንብቶ ኖሯል። ወዳጄ እመጣበታለሁ ያለችው ገበያም አልፏል። ይህ ሲገባኝ ልጄን አዝዬ፣ ነጠላዬንም በወጉ ሳላጣፋ ወደ ጀጎል ሮጥኩ።

የወዳጄ በር ገርበብ ብሎ ነበር። ከውስጥ ድምፅ አይሰማም። ስገባ ሽታው ከሸዋ፣ ከልጅነቴ፣ መጥቶ አፍንጫዬን መታኝ። ልጇ በመደቡ ላይ በተነጠፈው ምንጣፍ ተኝቷል፤ ፊቱ ጠፍቷል፤ ዓይኖቹ አብጠው ተከድነዋል። እሷ አጠገቡ ተቀምጣ ዝንብ ትከላከል ነበር። ቀና ብላ እኔን አየች። ከትከሻዬ በላይ ብቅ ያለውን የልጄን ራስ ስታይ ጨርቁ ከእጇ ወደቀ።

«ሞታለች ብለውኝ ነበር» አለች።

«ማን?»

«ሁሉም። ገበያ የደረሰ ሁሉ። ያ ረቢ… እኔ ልመጣ ተነሥቼ ነበር። ልጁን አዝዬዋለሁ። በሩ ላይ አንዷ፣ ወዴት ነው፣ የወዳጅሽን ልጅ አልሰማሽም ወይ አለችኝ። ልጠይቅሽ እንኳ በራችሁ ዝግ ነው አሉኝ።»

ልጄን ከአጠገቡ ላርቃት ወደ ደጅ ይዤያት ወጣሁ። ወዳጄ ተከትላኝ መጥታ የልጄን እጅጌ ሰበሰበች። ቅርፊቱን በጣቷ ዳር ነካችው። የምትለውን ነገር ሁሉ ጠብቄ ነበር፤ ባልሽ ነው ያመጣብኝ እንድትለኝም ጭምር። ግን እጅጌውን መልሳ አወረደችው፤ ወደ ልጇም ገባች።

ልጄን ለእናቴ አስረክቤ ተመለስኩ። እኔን እንግዳው እንደማይነካኝ ስለማውቅ ጎረቤቶቿ የሸሹትን ውኃና ጨርቅ እኔ አቀረብኩላት። ልጁ ብዙ አልቆየም። ወንዶቹ ይዘውት ሲወጡ እሷ በሩን ይዛ ቆማ፣ «አላህ ሰጠ፣ አላህ ወሰደ» ብላ፣ ከዚያ መቆም አቃታት።

ይህን ሁሉ ለባለቤቴ አንድም ሳላስቀር ነገርኳቸው። የሶፊውን ምስክር፣ የዘጉትን በር፣ ልጁን። ችሎት ላይ ባላጋራቸውን እንደሚሰሙት አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ሰሙኝ። አንድም ነገር አልጠየቁኝም።

ብዙም ሳይቆይ ወገቤን፣ ራሴን ማለት ጀመሩ። እሳቸው በልጅነታቸው አልያዛቸውም፣ አልተከተቡምም ነበር። በራችን ላይ እሾህ የተጋደመው ያን ጊዜ ነው። የማውቀውን ፊታቸውን ከቀን ወደ ቀን እያጣሁት ሄድኩ። ሲቃዡ፣ «ተጠየቅ!» እያሉ ይነሡ ነበር፤ የሚጠይቁትን ግን ያጡታል። እሞት ይሆን ብለው ሲጠይቁኝ እውነቱን አላውቅም ነበርና እጃቸውን እይዝ ነበር። ልጃችን እናቴ ቤት ሆና አንዲት ሽፍታ እንኳ አልወጣባትም።

ባለቤቴ ተረፉ። አንድ ዓይናቸው ጠፋ፤ ፊታቸውም እንደ ወንፊት ሆነ። በእግራቸው መቆም ሲችሉ የመጀመሪያ ሥራቸው ለቅሶ ቤት መሄድ ነበር፤ ያን ሰሞን ለቅሶ የሌለበት ሰፈር አልነበረም። እኔም ልጄን ይዤ ተከተልኳቸው። እንደ ድሮው አደግድገው ቆሙ።

«ጥጃዋን ማን ባረካት ብዬ የጠየቅሁ እኔ ነኝ» አሉ። «መልሱን ሳላውቅ፣ ላውቅም ሳልፈልግ ነው የጠየቅሁት። አይቻለሁ ያለው ሰው ሁሉ ያየው የእኔን ጥያቄ ነው። ጥጃዋ አልታረደችም። ልጄም አልሞተችም፤ እነሆ ክንዷ። እኔ ግን ይኸው።» ፊታቸውን ወደ ብርሃኑ መለሱ።

ሰው በአክብሮት ሰማቸው። ማንም አልሳቀም። ጥቂት ቆይቶ ያ መጀመሪያ ሐሳባቸውን የጠየቃቸው ሰው ደጋግፎ አስቀመጣቸውና፣ «እግዚአብሔር ይማርዎ። ይሄ በሽታ እኮ አንዳንዴ ጭንቅላት ድረስ ይወጣል» አላቸው። ከወደ ኋላ ደግሞ አንድ ድምፅ፣ ለጎኑ ብቻ የሚናገር መስሎት፣ «ፈረንጁ ምን ሰጥቷቸው ይሆን?» አለ።

ባለቤቴ ሰምተውታል። ወደ ድምፁ ዞሩ፤ ግን የዞሩት በጠፋው ዓይናቸው በኩል ስለነበር ማን እንደሆነ አላዩትም።

ከዚያም ወዲያ ባገኙት አጋጣሚ ሁሉ ይናገሩ ነበር። አንዳንድ ሰው አምኗቸው ልጁን ወሰደ። ግን ጠጅ ቤት ሲገቡ የሰከረ ሁሉ የሚደግምላቸው የፊተኛውን ነበር፤ «ጥጃዋን ማን ባረካት!» እያለ፣ ለማመስገን። ሁለተኛውን ንግግር በቃሉ የያዘ ሰው አልገጠመኝም። አያስቅም ነበርና።

ከወዳጄ ጋር መጠያየቃችን አልቀረም፤ ነገር ግን ስለዚያ ጉዳይ አንነጋገርም። ዓመት ካለፈ በኋላ ሴት ልጅ ወለደች። ልጅቷ አንገቷን ስታጠና፣ የክትባት አዋጅ እንደገና ተለፈፈ። በገበያው ቀን ገና ፀሐይ በግንቡ ራስ ላይ ሳትወጣ የግቢያችን በር ተንኳኳ። ከፍቼ ሳይ እሷ ናት፤ ሕፃኗን አዝላለች። ለባሏም ለጎረቤትም ሳትነግር ነው የወጣችው።

«ተነሽ» አለችኝ።

በመንገድ ላይ፣ ይህችም ብትተኩስ፣ ይህችም በሌላ በሽታ እንኳ ብትታመም፣ ወሬው እንዴት እንደሚነሣ አስቀድሜ እሰማው ነበር፤ ምስክሩ ሳይቀር ይታየኝ ነበር። በሩ ላይ ገና ሰው አልቆመም። ከታቢው አወቀኝ። ሕፃኗን ሲጭራት ወዳጄ ዓይኗን አልጨፈነችም።

«ይተኩሳታል?» አለችው በአማርኛ።

«ሊተኩሳት ይችላል።»

«ትድናለች?»

«የከተብኳቸው ሁሉ ድነዋል» አለ። ከዚያ ፊቷን አየና፣ «እኔም አሁን አሁን እፈራለሁ» ብሎ ጨመረ።

ስንመለስ ሸዋ በር ላይ ቅቤ የሚሸጡ ሴቶች ዕቃቸውን እየዘረጉ ነበር። አንዷ ታውቀናለች፤ ክርስቲያንና እስላም በማለዳ አብረው ሲሄዱ አይታ፣ «ከየት ነው በጠዋቱ?» አለችን።

ወዳጄ የሕፃኗን ክንድ በሻሿ ሸፈነችው። «ከገበያ» አለች።

ሴትየዋ ወደ እኔ ዞረች። እኔም፣ «ከገበያ» አልኳት፤ ወደ ውስጥም ገባን።